ጥብቅና ከመጀመራችሁ በፊት፦ ለአዲስ የሕግ ምሩቃን የብቃት መገንቢያ መመሪያ

ሕግ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ያስተምራል። መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። ይህን ሁሉ ያለፈ ተመራቂ ሕጉን ያውቃል ማለት ይቻላል። ደንበኛ ወንበር ስቦ ፊቱ ሲቀመጥ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ የትኛውን ወረቀት እንደሚቀበል፣ ዳኛው «የምትጠይቀው ዳኝነት ምንድን ነው?» ሲሉት በሁለት ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚመልስ ግን ገና አላየም። ኤክስተርንሺፑ (ተማሪው ፍርድ ቤትና መሥሪያ ቤት ሄዶ የሚለማመድበት ጊዜ) እና የዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ትንሽ ያስቀምሳሉ። የቀረው የሚመጣው በሥራ ላይ ነው።

የእኔ መለኪያ አንድ ነው። አንድን ጉዳይ ከደንበኛው አፍ ተቀብላችሁ ክስ ጽፋችሁ፣ ማስረጃ አሰባስባችሁ፣ ተከራክራችሁ እስከ አፈጻጸም (ፍርዱ በተግባር እስኪፈጸም) ድረስ ሰው ሳያርማችሁ መምራት ከቻላችሁ ብቁ ናችሁ። ካልቻላችሁ ፈቃዱ ቢኖርም ጊዜው አልደረሰም። የሰው ቤት፣ ደመወዝ፣ ልጅ የማሳደግ መብት በእጃችሁ ነው የሚገባው። ስለዚህ መመሪያውን ያዘጋጀሁት አንድ መዝገብ የሚሄድበትን መንገድ ተከትዬ ነው።

1. ፈቃዱ የሚጠይቀውን ራሳችሁ አንብቡ

በፌደራል ደረጃ ጥብቅና የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 199/1992 የተካው እሱ ነው። የሕግ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድና የመግቢያ ፈተና ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ፌደራል ጠበቆች ማህበርን ያቋቋመው፣ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ የፈቀደውም ይኸው አዋጅ ነው። የሙያ ኃላፊነት መድንና ተከታታይ የሕግ ሥልጠናም እዚያው አሉ። ክልሎች የየራሳቸው የፈቃድ ሕግ አላቸው። ኦሮሚያ ላይ ለመሥራት ያሰበ ሰው ደግሞ በአፋን ኦሮሞ መጻፍና መከራከር መቻል አለበት።

«እንዲህ ነው አሉ» የሚለውን የጓደኛ ወሬ ተዉት። አዋጁንና የፍትሕ ሚኒስቴርን መመሪያዎች ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። የሚያስፈልጉትን ወረቀቶች በዝርዝር ጽፋችሁ ከዛሬ ጀምሮ ሰብስቡ። የልምድ ደብዳቤ በተለይ ቶሎ ይጠየቅ። ከየት ቀን እስከ የት ቀን፣ በምን የሥራ መደብ እንደሠራችሁ በግልጽ ይጻፍበት። ከግል ቢሮ የሚወጣ ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉ ቢጠቀስ ኋላ ከጥያቄ ያድናችኋል።

2. የሚያስተምር ጠበቃ ፈልጉ

ብዙ ወጣቶች ስም ያለው ቢሮ ከገቡ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮፒ ሲያስነሱና ቀጠሮ ሲጠይቁ ይከርማሉ። መዝገብ ቤት መመላለስም ትምህርት አለው፤ ሬጅስትራር እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ሰው ብዙ ቀን ይቆጥባል። ሁለት ዓመት ግን አይፈጅም።

ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ደንበኛ ሲመጣ አብሬ እቀመጣለሁ? የጻፍኩትን አርመው፣ ለምን እንደታረመ ይነግሩኛል? ችሎት ይዘውኝ ይገባሉ? ለሦስቱም «አዎ» የሚል ጠበቃ ደመወዙ ትንሽ ቢያንስ እንኳ ይሻላል። ይሄን የምለው የቤት ኪራይ ስንት እንደደረሰ ጠፍቶኝ አይደለም። እነዚህ ዓመታት ከባከኑ በኋላ የሚተካቸው ስለሌለ ነው። ለሦስቱም መልሱ «እናያለን» ከሆነ ሌላ በር አንኳኩ።

3. ደንበኛውን መጀመሪያ አድምጡ፣ ከዚያ ቀን በቀን ጠይቁ

ሙያው በብዛት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። አንዲት እናት ወደ ቢሮ መጡ እንበል።

«ልጄ፣ ሰው ብዬ ባምነው ጉድ ሠራኝ። ሰማንያ ሺህ ብር አበድሬው ካደኝ።»

«አይዞዎት እማማ። መቼ ነው የሰጡት?»

«ለፋሲካ ሰሞን።»

«የዘንድሮ ነው የአምና?»

«ኧረ የካቻምናው ነው።»

«በወረቀት ነበር?»

«ምን ወረቀት፣ የጎረቤት ልጅ አይደል? ስሰጠው ግን ጎረቤቴ ቁጭ ብላ አይታለች።»

አዲስ ጠበቃ እዚህ ላይ «ምስክር አለ» ብሎ ጽፎ ክስ ለማርቀቅ ይነሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ እንደሆነ ይናገራል። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው። 500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን፤ ድንጋጌው ግን አለ። የጎረቤቷ ዓይን ብቻውን ብድሩን አያስረዳም።

ስለዚህ ጥያቄው ይቀጥላል። ብሩን በእጅ ነው የሰጡት በባንክ? በስልክ «እመልሳለሁ» ብሎ ጽፎልዎት ያውቃል? ሽማግሌ ሲላክበት ምን አለ? ከዚያ ወዲህ ከፊሉን ከፍሏል? የባንክ ደረሰኝ ብር መተላለፉን ያሳያል፤ ብድር መሆኑን ብቻውን አይናገርም። የስልክ መልእክት ካለ ደግሞ «ጽሑፍ» ይባላል ወይስ አይባልም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ይህን ሁሉ ለእማማ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው። «ይሄ ቀላል ነው፣ እናሸንፋለን» የሚል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ። የሚያስቸግረውን ቦታ መጀመሪያ የሰማ ደንበኛ ኋላ አይወቅሳችሁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሳታቋርጡ ተናግረው ይጨርሱ። ሰው ሲያቋርጡት ዋናውን ይረሳል። ቀጥሎ ከመጀመሪያው ቀን ተነስታችሁ በቅደም ተከተል ጠይቁ። በመጨረሻ ይህን አትርሱ፦ «ያኛው ወገን ቢመጣ ምን የሚል ይመስልዎታል?» ደንበኛ የደበቀው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በዚህ ጥያቄ ነው። ከዚያ የሰማችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ ስህተት ካለ ያርሙ። ደንበኛው በወጣ በሰዓቱ ውስጥ አንድ ገጽ ማስታወሻ ጻፉ። ነገ እጽፋለሁ ያለ ግማሹን ይረሳል።

4. ይርጋውን ከሁሉ በፊት አስሉ

ጥሩ ጉዳይ በይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ፣ ሲሞት ማየት በጣም ያሳዝናል። ሠራተኛው ያለ አግባብ ተባሯል፣ ማስረጃውም አለው፤ ግን ዘግይቷል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ 6 ወር አላቸው። በዚህ አዋጅ የተለየ ጊዜ ያልተቀመጠለት ጥያቄ አንድ ዓመት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 ደግሞ ለውል ጉዳዮች፣ ሌላ ካልተባለ፣ 10 ዓመት ነው። አንድ ሰው ታኅሣሥ 10 ተሰናብቶ መጋቢት መጨረሻ ላይ ቢመጣ የመመለሱ ጥያቄ አልፏል፤ የቀሩትን ክፍያዎች ግን ገና ማዳን ይቻላል። ይህን ልዩነት ያልለየ ጠበቃ ሁሉንም ያሳጣዋል።

አገራችን ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ ሁለት የቀን አቆጣጠር እንጠቀማለን። የስንብት ደብዳቤው ላይ «05/01/2016» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ይመጣል። በእኛ ከሆነ መስከረም 5 ነው፤ በአውሮፓ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 ማለት ነው። ደብዳቤውን የጻፈው የውጭ ድርጅት ሆኖ ቀኑ የአውሮፓ ከሆነ ግን ነገሩ ከሰባት ዓመት በፊት ያለቀ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። «ዓ.ም.» የሚል ከሌለ ደንበኛውን ጠይቁ፤ የደብዳቤውን ቁጥርና ሌሎች ሰነዶችን አመሳክሩ። ጳጉሜንንም አትርሱ፤ ቀን ስትቆጥሩ አምስት ወይም ስድስት ቀን ትጨምራለች።

የይግባኝ ጊዜም እንደዚሁ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 መሠረት 60 ቀን ነው። በሥራ ክርክር 30 ቀን ነው። ፍርድ በተሰጠበት ቀን ማታ የመጨረሻውን ቀን በቀጠሮ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ከሱ አሥር ቀን ቀደም ብሎም ሌላ ማስታወሻ አድርጉ። ስልካችሁ ላይ ያለው ማስታወሻ ጥሩ ነው፤ የወረቀት ደብተሩ ግን ባትሪ አያልቅበትም።

5. የትኛው ፍርድ ቤት?

ይሄ አጭር ነው፤ ግን ሰው ይሳሳትበታል። አዲስ አበባ ላይ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚወጣው ከከተማው ፍርድ ቤት ነው። ውርሱን እንካፈል የሚለው ክርክር ግን ፌደራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሁለቱን አደባልቆ ያመለከተ ሰው መዝገቡ ይዘጋበታል፣ ወራትም ይባክኑበታል። ማንኛውንም ነገር ከመጻፋችሁ በፊት የሥረ ነገር ሥልጣኑን (እንዲህ ያለውን ጉዳይ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያይ)፣ የቦታ ሥልጣኑንና የገንዘቡን መጠን በአንድ መስመር ጽፋችሁ አረጋግጡ።

6. የማስረጃ ሠንጠረዥ ሥሩ

አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ማስረዳት ያለባችሁን ፍሬ ነገር፣ በሁለተኛው የሚያስረዳውን ሰነድ ወይም ምስክር፣ በሦስተኛው የጎደለውን ጻፉ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ እስኪሆን ክስ አይከፈትም፤ ይርጋ ካልገፋችሁ በቀር።

ፎርም የሚጠይቁ ውሎችን በተለይ ተመልከቱ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግን ይጠይቃል። የሰበር ሰሚ ችሎት በሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 በዚሁ ላይ የሰጠውን ትርጉም አንብቡ። ከዚያ በኋላ በተመሳሳይ ጉዳይ የተሰጡትንም ፈልጉ፤ የሰበር ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፣ ችሎቱ ራሱ ደግሞ አቋሙን ሊለውጥ ይችላል። የሰበር ውሳኔዎች ቅጾች ታትመዋል። በየሳምንቱ አንድ ውሳኔ መርጣችሁ ፍሬ ነገሩን፣ ጭብጡንና ትርጉሙን በራሳችሁ ቃል በግማሽ ገጽ ጻፉ። የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ቀድቶ ማመልከቻ ላይ መለጠፍ ያሳፍራል፤ ዳኛው ሙሉውን ያውቁታል።

7. ክሱን በአጭሩና በግልጽ ጻፉ

የክስ ማመልከቻ ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 ዘርዝሮታል፤ አብሮ የሚቀርበውን የማስረጃ ዝርዝር ቁጥር 223 ይነግራችኋል። ሁለቱን ከጎናችሁ ዘርግታችሁ ጻፉ። የቆየ የራፖር ጸሐፊ (ለባለጉዳይ ማመልከቻ በክፍያ የሚጽፍ ሰው) አጻጻፍ ገና አልለቀቀንም። እንዲህ ዓይነት፦

«ተከሳሽ በተንኮልና በክፋት ተነሳስቶ የከሳሽን የዋህነት መጠቀሚያ በማድረግ ሕይወታቸውን ያመሰቃቀለ በመሆኑ…»

ዳኛው ከዚህ ምን ያገኛሉ? ምንም። እንዲህ ጻፉት፦

«ከሳሽ የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ለተከሳሽ 120,000 ብር አበድሯል። ተከሳሽ በዚያው ቀን በተጻፈ ውል ገንዘቡን በ6 ወር ውስጥ ለመመለስ ተስማምቷል። ውሉ በማስረጃ 1 ተያይዟል። ጊዜው ነሐሴ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. አልቋል። ተከሳሽ አልከፈለም።»

አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ፍሬ ነገር ይያዝ። ቀን፣ መጠንና የማስረጃ ቁጥር አይጉደል። ዳኝነቱ ደግሞ ተቆጥሮ ይጠየቅ፤ ዋናው ገንዘብ ስንት፣ ወለድ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ ወጪና ኪሣራ። ሕጋዊ ወለድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1751 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ነው፤ ካልጠየቃችሁት ማንም አያስታውስላችሁም። «ፍርድ ቤቱ መስሎ የታየውን ይወስንልን» የሚል መዝጊያ ሥራውን በዳኛው ላይ መጣል ነው።

ተከሳሽን ስትወክሉ ከመልሱ በፊት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያን አስቡ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 244 አንብቡ። ሥልጣን፣ ይርጋ፣ ቀድሞ የተፈረደ ጉዳይ መሆኑ። በሰዓቱ ካልተነሱ የሚቀሩ አሉ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያሳጣችሁ ቦታ ላይ ቁረጡት።

8. ችሎት ገብታችሁ ቁጭ በሉ

ፈቃድ የሌለው ረዳት ቆሞ መከራከር አይችልም። መቀመጥና ማየት ግን ይችላል፤ ችሎት በመርህ ለሕዝብ ክፍት ነው። በሳምንት አንድ ጠዋት አዲስ አበባ ልደታ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ አንድ ችሎት ምረጡና እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጡ። ደብተር ያዙ። ዳኛው በክስ መስማት ቀን ምን ምን ጠየቁ? ጭብጡ እንዴት ተያዘ? የትኛው ጠበቃ ተደመጠ፣ የትኛው ተቋረጠ፣ ለምን? ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ነገር ትረዳላችሁ፤ ዳኛ የሚሰማው መዝገቡን ገጽ በገጽ የሚያውቀውን ጠበቃ ነው። «ማስረጃ 3፣ ሁለተኛው አንቀጽ» ማለት የቻለ ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም።

የምስክር ጥያቄ ለብቻው ልምምድ ይፈልጋል። በዋና ጥያቄ መልሱን የሚመራ ጥያቄ አይፈቀድም፤ «ያን ቀን ምን አዩ?» በሉ። በመስቀለኛ ጥያቄ ደግሞ አጭርና ዝግ ጥያቄ ያዙ፦ «ያን ጊዜ መሽቶ ነበር?» «መብራት አልነበረም?» «ርቀቱ ከመንገዱ ማዶ ነው?» እዚያ ላይ አቁሙ። «ታዲያ እንዴት አዩት?» ብላችሁ ብትጨምሩ ምስክሩ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። ከባልደረባችሁ ጋር በቢሮ ውስጥ ቆማችሁ ተለማመዱት፤ አንዱ ምስክር ይሁን፣ ሌላው ይጠይቅ።

ቀጠሮ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 69 ጀምሮ ያሉትን አንብቡ። ከሳሽ ሲቀር መዝገቡ ይዘጋል፣ ተከሳሽ ሲቀር ነገሩ በሌለበት ይታያል። የትራፊክ መጨናነቅ ብዙ ጊዜ እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም።

9. ውክልና፣ ገንዘብና ምስጢር

ውክልናውን ቃል በቃል አንብቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ክስ ለመመሥረት፣ ለመታረቅ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። «በማናቸውም ጉዳይ እንዲወክለኝ» የሚል ጠቅላላ ወረቀት ይዞ ዕርቅ የፈረመ ጠበቃ ሁለት ችግር ይገጥመዋል፤ ዕርቁ ይፈርሳል፣ ደንበኛውም ይከሰዋል። ደንበኛው ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ከሆነ ውክልናው በኤምባሲ በኩል ተረጋግጦ፣ እዚህ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና ውልና ማስረጃን አልፎ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። ሳምንታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ቃሉን እናንተ አርቅቃችሁ ላኩላቸው። አንዲት ሐረግ ጎድላ ከመጣች እንደ አዲስ ይጀመራል።

የአገልግሎት ክፍያው በጽሑፍ ይሁን። ለዳኝነት ክፍያ የተሰጣችሁን ብር ከኪሳችሁ ብር ጋር አታደባልቁ፤ ደረሰኝ ስጡ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ የተከራካሪዎቹን ስም በቢሮው ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ። ያኛው ወገን ቀድሞ ያማከራችሁት ሰው ከሆነ ጉዳዩን አትቀበሉ። ስለ ደንበኛ ጉዳይ ካፌ ውስጥ አይወራም፤ አዲስ አበባ ላይ ከኋላችሁ ያለው ጠረጴዛ ላይ ዘመድ አይጠፋም።

የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጓል። ይህን እንደ ግብር አትዩት። የቤት ሠራተኛዋ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የአንዲት እናት የቀለብ ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትመሩት ሙሉ መዝገብ ነው። ለእነሱ እንጀራ ነው፤ ለእናንተ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ረዳት ሳላችሁም በአለቃችሁ ፈቃድ እነዚህን ጉዳዮች ለማዘጋጀት ቀድማችሁ እጃችሁን አውጡ።

10. የብቃት ደብተር ያዙ

በየመዝገቡ የሠራችሁትን ጻፉ፤ ቃለ መጠይቅ፣ ክስ፣ መልስ፣ መቃወሚያ፣ የምስክር ዝግጅት፣ እግድ፣ ይግባኝ፣ አፈጻጸም። የደንበኛ ስም አይጻፍ። ከእያንዳንዱ ጎን አለቃችሁ ምን እንዳረሙ ይቀመጥ። በየሦስት ወሩ አብራችሁ ቁጭ በሉና ባዶ የሆነውን ረድፍ አሳዩአቸው፤ «እስካሁን አፈጻጸም አልነካሁም» በሉ። ብዙ ወጣቶች አፈጻጸምን ይንቁታል። ፍርድ ያሸነፈ ደንበኛ ግን የሚፈልገው ብሩን ነው፤ የባለዕዳውን ንብረት አፈላልጎ ማሳገድ የማይችል ጠበቃ ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የጣለው።

ይኸው ደብተር ለመግቢያ ፈተናም ይጠቅማል። የሠራችሁበትን ድንጋጌ ስታነቡ የደንበኛውን ፊት ታስታውሳላችሁ፣ ስለዚህ አይጠፋም።

11. የመጀመሪያውን የራሳችሁን መዝገብ ስትይዙ

ፈቃዱ ሲመጣ ሁሉን ጉዳይ አትቀበሉ። በረዳትነት ከላይ እስከ ታች ያያችሁትን ዓይነት ምረጡ። ያላያችሁት ዓይነት ከመጣ የቆየ ጠበቃ አብሯችሁ እንዲይዝ ለደንበኛው ንገሩ፤ ደንበኛ በዚህ አይቀየምም። ጉዳዩ ሲያልቅ የውሳኔውን ግልባጭ ስጡ፣ የይግባኝ ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ኦሪጅናል ሰነዶቹን ቆጥራችሁ መልሱና አስፈርሙ። የተፈረመበትን ወረቀት ከመዝገቡ ፋይል ጋር አስቀምጡት።